አስቀምጠው፣ እኔ አነሳዋለሁ

ሽታው ነው የቀደመኝ። ሱቁ ባሕር ማዶ በምንኖርባት ከተማ፣ ታከር ውስጥ ነው፤ በጎማ መሸጫና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል ያለ የጦር መሣሪያ ሱቅ። ባለቤቴ ታደሰ በሩን ይዞልኝ ገባሁ። መስታወቱ ሥር የተደረደሩትን ሽጉጦች ገና ሳላያቸው ዘይቱ አፍንጫዬን መታው። የመኪና ዘይት ይመስላል፣ ግን ቀጠን ያለ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የተቃጠለ ነገር አለበት። እግሬ ደጃፉ ላይ ቆመ። ልጄ ሄለን ከኋላዬ መጥታ ወገቤን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ? ሱቅ እኮ ነው፤ እዚህ ማንም አይተኩስም።»

«አልፈራሁም» አልኳት። እውነቴን ነው። ፈሪ መሆኔን ቤቴ ሁሉ ያውቃል። ምድጃውን ማጥፋቴን ለማየት ከመኪና ወርጄ እመለሳለሁ። ሄለን የራሷን አፓርታማ ተከራይታ ከወጣች ወዲህ «ደረስሽ?» ብዬ ቴክስት ሳላደርግላት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያን ጊዜ ግን የያዘኝ ፍርሃት አልነበረም። ሽታው እትዬ አንጓችን ይዞብኝ መጥቶ ነው።

ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት እዚያ ሱቅ ምን እንዳመጣን ልናገር። ሄለን አካውንታንት ናት። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ዒላማ ተኩስ ሄደች፤ ወደደችው። ለአባቷ ነገረችው፤ አባቷም እንደ ልጅ ደስ አለው። ከዚያ ሁለቱ መከሩና «ለቤተሰብ የምትሆን፣ ዋጋዋም የማይጎዳ ትንሽ ሽጉጥ እንግዛ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችንም እንሄዳለን» አሉኝ። ታደሰ «አንቺ እሺ ካላልሽ ቤት አይገባም» ብሎ ቃል ሰጥቶኛል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ግን እምቢ ብል ሁለቱ እዚያው በኪራይ ሽጉጥ እንደሚተኩሱ፣ እኔም ቅዳሜዬን ድስት እያማሰልኩ በመስኮት መኪና ስጠብቅ እንደምውል አውቃለሁ። ከቤት የወጣች ልጅ ቅዳሜዋን ስትሰጥ ቀላል ስጦታ አይደለም። እሺ ለማለት ፈልጌ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

ሻጩ ጢሙ የነጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከመስታወቱ ሥር አንዷን ሽጉጥ አወጣ፤ ከፍቶ ባዶ መሆኗን አሳየኝና እጀታዋን ወደ እኔ አድርጎ ዘረጋልኝ። እጄን አልዘረጋሁም። ሰውየው ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።

«እማዬ፣ ጀስት ያዢው፤ ኢምፕቲ ነው እኮ!» አለች ሄለን።

እጆቼ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገብተው ነበር። እስኪያስቀምጣት እየጠበቅሁት እንደሆነ ራሴ እንኳን የገባኝ ቆይቼ ነው።

*

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ መንታ ወልዳ እጇ ስለሞላ፣ ክረምቱ እንደወጣ አባቴ ቆላ ወደምትኖረው እህቱ ወሰደኝ። እስከ ማሽላው አጨዳ ድረስ እሷን እንድረዳ ነው። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አልቆጨኝምም። ቆላ ሲባል እሳት የሚነድበት አገር ይመስለኝ ስለነበር ከበቅሎዋ ላይ ሆኜ ጭሱን ስፈልግ ነው የደረስኩት።

እትዬ አንጓች ረጅም፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት። ስትስቅ ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል። ባሏ አያ ካሳ የሞተው ባለፈው ዓመት ነው። መሞቱን አውቃለሁ፣ እንዴት እንደሞተ ግን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቆላ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሞተው በወባ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ ምሰሶው ላይ በአሮጌ ኩታ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሰቅሎ አየሁ። የታመመ ሰው መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት። እትዬ አንጓች በአፍንጫዋ ሳቀች።

«ምንሽር ነው፣ የሽዬ። እሱ ሰላምታ አያውቅም።»

ምንሽሩ የአያ ካሳ ጠመንጃ ነበር። እሁድ እሁድ ከምሰሶው ታወርደዋለች፤ ጨርቅ በላምባ ነክራ ውስጡን ታጥበዋለች፤ ከዚያ ብረቱን የሰሊጥ ዘይት ታስነካዋለች። ሰሊጡና ላምባው ተቀላቅለው፣ ከአፈሙዙ ከሚወጣው ጥቁር እድፍ ጋር ቤቱን ያውዱታል። የታከሩ ሱቅ የሸተተኝ እሱን ነው። እኔ ዘይቱን የሚጠጣ መስሎኝ ነበር። ዘይት ብቻ እየጠጣ መኖሩ አሳዘነኝና አንድ እሁድ ከምሰሶው ሥር የማሽላ ቂጣ ቁራሽ አስቀመጥኩለት። ጠዋት ስነሳ ቂጣው የለም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ለእትዬ አንጓች ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀችና ዕንባዋን እየጠረገች «አይጧን ቀልበሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። አላመንኳትም።

የእኔ ሥራ ጥይት መያዝ ነበር። በመጣሁ ማግስት ትንሽ የቆዳ ከረጢት አንገቴ ላይ አሰረችልኝ።

«ጥይቱ ያንቺ ነው፤ ጠመንጃው የኔ ነው። እኔ ሳልጠራቸው አይገናኙም። ገባሽ?»

ገባኝ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። የገባኝ ሌላ ነው። ትልቅ ሰው መሆኔ፣ መታመኔ፣ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ መብለጤ ነው የገባኝ። ከረጢቱን ደረቴ ላይ አድርጌ ወንዝ ስወርድ እንደ ሙሽራ ነበር የምራመደው።

ማሳው ከቤቱ ታች፣ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ የተዘረጋ ነው። መሀሉ ላይ ከአንድ ዛፍ ጋር የተያያዘ ማማ አለ፤ አራት እግር ያለው፣ ወለሉ በእንጨት የተረበረበ፣ ላዩ በሣር የተከደነ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ላይ ነን። ከላይ ሲታይ ማሽላው ራሱን እየነቀነቀ ይተኛል፤ ሙቀቱ ከሥር እንደ እንፋሎት ይመጣል፤ ወፎቹ ደመና ሆነው አንዱ ጥግ ላይ ያርፋሉ፤ በወንጭፍ ስናስነሳቸው ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳሉ። ጥንቅሽ እየመጠጥኩ አገዳውን ወደ ታች እተፋለሁ። የአፌ ጥግ በአገዳው ልጣጭ ተሰነጣጥቆ ምራቄ ሁሉ ያቃጥለኝ ነበር፤ ግን አላቆምም።

ጠመንጃው ወደ ማማው የሚወጣበት መንገድ ለእኔ ትልቅ ምሥጢር ነበር። እትዬ አንጓች ምንሽሩን ከታች ድንጋይ ላይ ታስተኛዋለች። ጀርባውን ከፍታ ትንሽ ጣቷን ትከትና ባዶ መሆኑን ታያለች። ሰደፉን በገመድ ታስራለች። ከዚያ ባዶ እጇን ትወጣለች፤ አፈሙዙ ወደ መሬት እንዳየ በገመድ ትጎትተዋለች፤ ወለሉ ላይ ታስተኛዋለች። በመጨረሻ እኔ ከነከረጢቴ እወጣለሁ። ሰው ይዞት ሲመጣም አትቀበልም። «አስቀምጠው፣ እኔ አነሳዋለሁ» ትላለች። ሰውየው መሬት ላይ ያስተኛዋል፤ ወደ ኋላ ይላል፤ እሷ ታነሳዋለች። እየቆየች ማጭዱንም ቢላዋውንም እንደዚያ ማድረግ ጀመረች።

እኔ ይህን ሁሉ የጠመንጃው ኩራት ነው ብዬ ደመደምኩ። እንደ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ መዞር አይወድም፤ ራሱን ችሎ መተኛት፣ ራሱን ችሎ መነሳት ነው የሚፈልገው። ለመንደሩ ልጆችም እንደዚሁ ብዬ አስረዳኋቸው።

ወፍ ዝም ሲል፣ ነፋስም ሲቆም፣ ዒላማ ታስተምረኝ ነበር። ከረጢቴን ከአንገቴ አስወልቃ ማማው ላይ ትሰቅለዋለች። ከዚያ ታች እንወርዳለን። ከኩይሳው ላይ ቅል ታስቀምጣለች፤ በሆዴ ታስተኛኛለች፤ ባዶውን ምንሽር በድንጋይ ታስደግፍልኛለች። ሰደፉ ከእጄ ይረዝማል። ጉንጬን ስለጥፍበት የሰሊጡ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል።

«ትንፋሽሽን ያዢ። አትቸኩዪ። ቅሏ የትም አትሄድም።»

ቃታውን ስስበው ቀጭ ይላል። እትዬ አንጓች ከኋላዬ ሆና በአፏ «ጧ!» ትላለች። ከዚያ ሄዳ ቅሏን አገላብጣ ታያትና «መታሻት!» ትለኛለች። አንድ ቀን «ቀዳዳው የታል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ባዶ ጥይት ቀዳዳው አይታይም» አለችኝ። እስከ ኅዳር ድረስ በጣም ጎበዝ ተኳሽ ነበርኩ።

*

አያ ደስታው የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው፤ ማሳው ከእኛ ማሳ በላይ ነው። እወደው ነበር። ሲመጣ ምርጥ ምርጡን ጥንቅሽ ቆርጦ በብብቱ ይዞልኝ ይመጣል፤ «የጥይት አዛዧ፣ ሰላም ነሽ?» እያለ ጆሮዬን ይጎትታል። አንድ ከሰዓት ግን ከእትዬ አንጓች ጋር ከማማው ሥር ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እኔ ለክፋት አይደለም፣ አንጓች። ሴት ብቻዋን ከገደል አፍ ላይ ማሳ አትጠብቅም። ዘንድሮ ዝንጀሮ ካስበላሽው እኔ አርሰዋለሁ፤ አንቺም ደጋ ወደ ዘመዶችሽ ብትወጪ ይሻልሻል።»

«ካላስበላሁትስ?»

«ካላስበላሽውማ ምን እላለሁ!»

ደጋ መውጣት ማለት ከእኛ ጋር መኖር ነው፤ ለእኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እትዬ አንጓች በእናቴ ቤት ጥግ ላይ፣ ያለ ማማ፣ ያለ ምንሽር ተቀምጣ ታየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከገደሉ አፍ ላይ አላነሳሁም። ጥንቅሹን እንኳን ሳላየው ነበር የምልጠው።

ዝንጀሮዎቹ የሚመጡት ከገደሉ ነው። መሪያቸው ጋማው እንደ ካባ የሚወርድ፣ ሲቀመጥ ሽማግሌ ዳኛ የሚመስል ነው። ወንጭፍ አይፈራም። የሚፈራው የምንሽሩን ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዴ ወደ ሰማይ ከተተኮሰ መንጋው ሁሉ ተገለባብጦ ገደል ይገባል።

ማሽላው ሊታጨድ በተቃረበበት ሰሞን አያ ደስታው ምንሽሩን ተዋሰ። ከርከሮ ማሳውን እየቆፈረበት ነበር። እትዬ አንጓች «ለየሺ ንገራት» አለችው፤ እኔም ከከረጢቴ ጥይት አውጥቼ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩለት፤ እንደ ጠመንጃው ጥይቱም ኩሩ ነው ብዬ። አያ ደስታው ሳቀብኝ።

በማግስቱ ጠዋት እኛ ማማው ላይ ነን። አያ ደስታው ምንሽሩን ሊመልስ ከላይ እየወረደ ነው። ወዲያው ከገደሉ አፍ መሪው ብቅ አለ። ዙሪያውን አየ። ተቀመጠ። ከዚያ መንጋው ከኋላው ፈልቶ ማሳው ውስጥ ገባ።

እትዬ አንጓች ጮኸች፤ እኔም ጮኽሁ። ወንጭፉ ድንጋይ አስወነጨፈ፤ ማንም ዞር አላለም። አያ ደስታው እየሮጠ መጣ፤ ማማው ሥር ደርሶ ምንሽሩን ሽቅብ ዘረጋ። ሰደፉ ወደ እኛ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ደረቱ።

«ያዢ! ጎርሷል፣ ያዢ ቶሎ! አንቺ ከላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ!»

እትዬ አንጓች እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«አስቀምጠው።»

«ኧረ መንጋው ገባልሽ! አታዪም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ጥይቱን አውጣና አስቀምጠው። እኔ አነሳዋለሁ።»

«እብድ ሴት! ያዢ ነው የምልሽ!» እያለ በአንድ እግሩ የማማውን ርብራብ ረገጠና ሽቅብ አስጠጋው። ሰደፉ የእትዬ አንጓችን ጉልበት ነካ። ከታች አገዳው ሲሰበር ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ትናንሾቹ እየቆረጡ ይጥላሉ፤ ትልልቆቹ ተቀምጠው ይበላሉ። እኔ አለቀስኩ። «እትዬ፣ ያዢው! እትዬ፣ ደጋ ልትሄጂ ነው!» እያልኩ ቀሚሷን ጎተትኩ። ዝንጀሮ የፈራች መሰለኝ። አላየችኝም። ፊቷ የቤታችንን ግድግዳ መስሎ ነበር፤ አመድማ።

«ደስታው» አለች፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ማሽላው ይበላ። አስቀምጠው።»

አያ ደስታው እጁ ላይ ያለውን ምንሽር አየ፤ አፈሙዙ ከደረቱ ስንዝር አይርቅም። ማማውን አየ፤ ከማማው ጋር የተያያዘውን ዛፍ አየ። ቀስ ብሎ እግሩን ከርብራቡ አወረደ። ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ድንጋዩ ላይ አስተኛውና ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እትዬ አንጓች ወረደች። እዚያው መሬት ላይ ቆማ፣ እኔም ወርጄ ጥይት አስቀምጬላት፣ ወደ ሰማይ ተኮሰች። መንጋው ተገለባብጦ ገደል ገባ። የማሳው የታችኛው ጠርዝ ግን ተጨፍጭፎ ተኝቷል።

አያ ደስታው ከማማው ሥር ቁጭ አለ። ራሱ ላይ የጠመጠመውን ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት።

«እዚሁ ነበር እኮ» አለ።

«እዚሁ ነው» አለች።

«ረስቼው ነው፣ አንጓች።»

«እኔ አልረሳሁትም።»

ስለ ዝንጀሮው መሪ የሚያወሩ መስሎኝ «አዎ፣ እዚሁ ነበር፤ ተቀምጦ ሲያየን ነበር» አልኳቸው። አያ ደስታው ወደ እሱ አስጠግቶ አቀፈኝ፤ ጆሮዬን አልጎተተኝም።

ለአጨዳው የመጣ የመጀመሪያ ሰው እሱ ነው። አጨደ፣ ተሸከመ፣ ወቃ። እኔ የተበላው ጠርዝና የደጋው ወሬ እስኪነሳ በየቀኑ ጠበቅሁ፤ እሱ አላነሳውም። እህሉ ጎተራ በገባ ቀን ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «የከርሞውን ዘር እኔ አመጣልሻለሁ፤ ያንቺ ነቅዟል» አላት። ነቅዞም አልነበረም። እትዬ አንጓች «እሺ» ብቻ አለችው፤ ከሄደ በኋላ ግን ያን የአፍንጫ ሳቋን ለብቻዋ ስትስቅ ሰማኋት።

አባቴ ሊወስደኝ በመጣበት ዋዜማ እሁድ ነበር። ምንሽሩን እየወለወለች «አያ ካሳ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«በወባ።»

«አይደለም። ዝንጀሮ መጥቶ ነበር። እኔ ማማው ላይ ነኝ፤ እሱ ከታች ምንሽሩን አቀበለኝ። ሰደፉን ይዤ ሳብኩት። ቅርንጫፍ ቃታውን ያዘው።» ጨርቁን አገላብጣ ሌላውን ጎኑን ዘይት አስነካችው። «ቸኩለን ነበር፣ የሽዬ።»

ደረቴ ላይ ያለውን ከረጢት በእጄ ያዝኩ። በመጨረሻ «ታዲያ ለምን አልጣልሽውም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ዝንጀሮው መች ቀረ?»

ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ስትጠብቅ ከረጢቱን ከአንገቴ አወለቅሁ። እትዬ አንጓች ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ኋላ አልኩ። እጇ ባዶውን እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

*

«ሄሉ» አልኩ፤ «ምንጣፉ ላይ ያስቀምጠው በዪው። እኔ አነሳዋለሁ።»

ሄለን ተረጎመችለት። ሰውየው ቅንድቡን ከፍ አደረገ፤ ሽጉጧን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጎማ ምንጣፍ ላይ አስተኛትና ሳይነገረው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ያን ጊዜ እጄ ከኪሴ ወጣ።

ታደሰ ትልቋን ነበር የወደዳት። ሻጩ ራሱን ነቀነቀ። ለዒላማና ለቤተሰብ ከሆነ ሃያ ሁለት የሚሏት ትንሿ ጥይት ትሻላለች፣ ርካሽ ናት፣ እጅም አትመታም አለን። አንዷን አሳየኝ፤ የትንሽ ጣቴን ግማሽ አታህልም። ከረጢቴ ውስጥ የነበሩት የእሷ አያቶች ናቸው። ሄለን ደግሞ የጥይት መያዣ ካዝናዋ ከእጀታዋ ሥር የሚገባውን፣ ዘመናይ የምትመስለውን መረጠች።

«ካዝናው ወጥቶ እንኳ ሽጉጧ ውስጥ ጥይት ሊቀር ይችላል ወይ?» ብዬ አስጠየቅሁ።

«ይችላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የላይኛውን ብረት ስቦ ማየት ነው» አለ ሻጩ። ልስበው ሞከርኩ። ስንት ዓመት የሆቴል አንሶላ ያጠፈ እጄ እምቢ አለ።

«ሳልስብ፣ ከፍቼ ብቻ ሁሉን የማይባት የለችም?»

አለች። ጥይት የሚጎርሰው ሆዷ ወደ ጎን የሚወጣ፣ አፈሙዟ ትንሽ ረዘም ያለ ሪቮልቨር። ከፈትኳት፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ፊት ለፊቴ ናቸው፣ ብርሃን ያሳልፋሉ። ትንሽ ጣቴን ልከትባቸው ሞከርኩ፤ አልገባም። ዋጋዋም ከሦስቱ ዝቅ ይላል።

«ይቺ ኦልድ ስኩል ናት፣ እማዬ!» አለች ሄለን። «የካውቦይ ነገር!»

«ባልቴት ናታ፤ እንደኔ» አልኳት። ታደሰ ሳቀ።

ከሱቁ ጀርባ መተኮሻ አለ፤ ሳንገዛት እንድንሞክራት ፈቀዱልን። የጆሮ መሸፈኛ አደረግን። ሄለን ቀድማ ተኮሰች፤ የሰው ምስል ያለበትን የዒላማ ወረቀት ትከሻው ጠርዝ ላይ መታችው፤ ዘለለች። ከዚያ ፊቷ በርቶ፣ ለእኔ ልታቀብለኝ ሽጉጧን ይዛ ግማሽ ዞረች። ጮህ ለማለት አፌን ስከፍት እሷ ራሷ ቆመች። መልሳ ወደ ዒላማው ዞረች። የሽጉጧን ሆድ ከፈተች፣ አራገፈች፣ መደቡ ላይ አስተኛቻት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳው ጋ ቆመችና በሁለት እጇ አመለከተችኝ። በመሸፈኛው የተነሳ ድምፅዋ አይሰማኝም፤ ከንፈሯን ግን አየሁት። አንሺው፣ እማዬ።

ሄጄ አነሳኋት፤ ባዶነቷን አይቼ ጥይት አጎረስኳት። ከሰሊጡ በቀር ሽታዋ ያው ነው። ትንፋሼን ያዝኩ፤ አልቸኮልኩም። ቃታዋን ስስብ ማንም እንደማይሰማኝ አውቄ በአፌ «ጧ!» አልኩ። ወረቀቱ ላይ፣ ከመሀሉ ትንሽ ወደ ግራ፣ የሚታይ ቀዳዳ ተከፈተ።

ከፍቼ አስቀመጥኳትና ወደ ታደሰ ዞርኩ። መሸፈኛውን ከአንድ ጆሮው ላይ አነሳሁለት።

«እሺ ብያለሁ» አልኩት። «ጥይቱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።»